ስንት ሜትር፣ በስንት ሰኮንድ? የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማንን አካሄድ ስለ መለካት



እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ፣ ሲራመድ፣ ሲዞርና ሲወድቅ ማየት ነው። አንድ ሰው እግሩ ሲከብደው ቤተሰቡ ይዞት ይመጣና ከሁለት መልሶች አንዱን ይነግረኛል፤ ወይ «መራመድ አቃተው»፣ ወይ «ደህና ይራመዳል»። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ነገር አለ። ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው አለ፤ ጎረቤት ቤት ብቻ የሚደርስ አለ፤ ከመደቡ እስከ በሩ ግድግዳ ይዞ የሚሄድም አለ። ሦስቱም «ይራመዳሉ»። ዛሬ ልነግራችሁ ወደ ሲሪንቃ የመጣሁት ይህ ልዩነት በቁጥር ሊያዝ እንደሚችልና መያዝም እንዳለበት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሰዓት፣ ወንበርና ወረቀት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሁላችንም ቤት አሉ።

በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮች ማይሊን የሚባል ቅባታማ ሽፋን አላቸው፤ መልእክት ቶሎ እንዲተላለፍ የሚያደርገው እሱ ነው። በዚህ በሽታ ከተላላፊ በሽታ ሊጠብቀን የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ያንኑ ሽፋን ያጠቃል። ጥቃቱ አንዴ ዓይን ላይ፣ አንዴ እግር ላይ፣ አንዴ ፊኛ ላይ ይወጣል፤ ይመጣል፣ ይሻላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በሽታውን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በዝርዝር ገልጾታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ግምት በዓለም ላይ ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች 2.8 ሚሊዮን ነበሩ።

በአፍሪካ ከአውሮፓ ይልቅ ጥቂት ሰው እንደሚታመም ይነገራል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሽታውን ለይቶ ለማወቅ አንጎልን የሚያሳየው ኤምአርአይ መሣሪያና የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም በአገራችን በጥቂት ከተሞች የተወሰኑ ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አይተው ነበር። በብዛት ያገኙት የሚጥል በሽታ፣ ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነትና ከሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ጉዳት ነበር። የዚያን ጊዜ ሐኪም በቤት ለቤት ዙር ሊያይ የሚችለው በዓይኑና በእጁ የሚደርስበትን ነው፤ ጥቃቱ አንጎል ውስጥ የተወው ጠባሳ ያለ ኤምአርአይ አይታይም። ስለዚህ «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም።

እዚህ ወሎ ውስጥ እግሩ ደርቆ የመጣ ሰው ሲገኝ ከመልቲፕል ስክሌሮሲስ በፊት የሚነሣ ሌላ ስም አለ። ጓያ ነው። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ሲደርቅ ጓያ ይቆማል፤ ውኃ በተኛበት ማሳም ይበቅላል። በክፉ ቀን የድሃ ቤት የሚያድረው በእሱ ነው። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ ግን በውስጡ ያለው መርዝ ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ መስመር ይጎዳል። ከዚህ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ በቀድሞው ደላንታ ዳውንት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተሰብሯል። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው፣ ፕሮፌሰር ረዳም አብረው፣ ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ። ቀጥሎ ባደረጉት ጥናት ተቆልቶ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የተበላ ጓያ ይበልጥ እንደሚጎዳ፣ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሲበላ ግን አደጋው እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ዛሬም ድርቅ ይመጣል፤ ዛሬም እናት ለልጇ በእጇ ያለውን ትሰጣለች። ጓያ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ተቀላቅሎ እንዲፈጭ መምከር ይቻላል። በግብርና በኩል መርዙ የቀነሰለት «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን ተለቋል።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። የጓያን ሽባነት ያጠኑ ሐኪሞች ሕሙማንን በአራት ደረጃ ይመድቧቸዋል። ያለ ዱላ የሚሄድ አለ፤ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመጨረሻም በእጁ እየዳኸ የሚሄድ አለ። ምንም ማሽን አልተጠቀሙም። ደላንታ ላይ የቆመ የጤና ሠራተኛ አንድን ሰው ከበር ሲገባ አይቶ ደረጃውን ሊጽፍ ይችላል።

አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ኩርትስኬ ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ ያወጣው መለኪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1955 አወጣው፣ በ1983 አሰፋው፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚሠራበት እሱ ነው። ከ0 እስከ 10 በግማሽ ነጥብ ይቆጠራል። ዝቅተኛዎቹ ነጥቦች የሚሰጡት በምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ዓይንን፣ የጡንቻን ኃይል፣ ሚዛን መጠበቅን፣ ስሜትን፣ ፊኛን፣ አእምሮን ያያል። ከ4 በላይ ግን ነገሩ በአብዛኛው ርቀት ነው። ሳያርፍ ያለ ድጋፍ 500 ሜትር የሚሄድ ሰው 4 ላይ ነው። 200 ሜትር ከሆነ 5፣ 100 ሜትር ከሆነ 5.5 ነው። 100 ሜትር ለመሄድ አንድ ዱላ ካስፈለገው 6 ነው፤ በሁለት ዱላ 20 ሜትር የሚሄድ 6.5 ነው። 7 ላይ ተደግፎም ከ5 ሜትር አያልፍም፤ ዊልቸር ያስፈልገዋል።

ይህን መለኪያ አከብረዋለሁ፤ በእኛ አገር ሲሠራበት ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው የድጋፍ ነገር ነው። «ምርኩዝ ይይዛሉ?» ብላችሁ አንዲትን እናት ብትጠይቁ «ኧረ አልይዝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ዱላ የላትም። የልጇን ትከሻ ይዛ ነው የመጣችው። ቤቷ ውስጥ ምሰሶውን፣ ግድግዳውን፣ የጓዳውን በር ትይዛለች። ልጁ ትምህርት ቤት በሄደ ቀን ከቤት አትወጣም። ይህ በወረቀት ላይ «ያለ ድጋፍ ትሄዳለች» ተብሎ ከተጻፈ የበሽታዋ ግማሽ ተሰወረ ማለት ነው። የሰው ትከሻ ድጋፍ ነው፤ መጻፍ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ሳያስፈልጋቸው ከዘራ የሚይዙ ሽማግሌዎች አሉ። ለእነሱ ከዘራው ክብር ነው፤ ሲራመዱ መሬት የሚነካው አንዳንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የያዙትን ብቻ ሳይሆን ክብደታቸውን የጣሉበትን ማየት ያሻል።

ሁለተኛው የኑሯችን ነገር ነው። የኩርትስኬ መለኪያ ሰው በተስተካከለ መንገድ ላይ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ግን ዳገት ይወጣል። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቡና ሲፈላ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተነሥቶ እንግዳ ይቀበላል። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሣል፤ ክርስቲያኑ በጾም ወራት ይሰግዳል፣ ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድሳል። እነዚህ ሁሉ የእግርን ኃይልና ሚዛንን የሚፈትኑ እንቅስቃሴዎች ናቸው። አንድ ሰው «ስግደት ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ» ሲለኝ ማንም መለኪያ ያልጠየቀውን ትልቅ ነገር ነግሮኛል። በእኔ እምነት በወሎ የሚሠራ ባለሙያ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጎን እነዚህን ጥያቄዎች ካልጠየቀ ሰውየውን በትክክል አልለካውም።

ዱላ መቁጠር ሌላም ድክመት አለው። ከአንድ ዱላ ወደ ሁለት ዱላ እስኪወርድ ድረስ ሰውየው ለዓመታት ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል፤ ደረጃው ግን አይለወጥም። በዚያ መካከል ያለውን ለውጥ የሚያሳየው ሰዓት ነው። ከሁሉ ቀላሉ ፈተና 7 ሜትር ከ62 ሳንቲሜትር መራመድ ነው። ርቀቱ እንዲህ የተቆራረጠው ፈተናውን ያወጡት አሜሪካኖች በራሳቸው ስፍር 25 ጫማ ስላሉ ነው። ገመድ ለክታችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፤ መነሻውንና መድረሻውን ምልክት አድርጉ። ሰውየው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ፣ ሁልጊዜ የሚይዘውን ዱላ ይዞ ይቆማል። «ሳይወድቁ በሚችሉት ፍጥነት ይሂዱ» ይባላል። እግሩ መስመሩን ሲያልፍ ሰዓቱ ይጀምራል፤ መድረሻውን ሲያልፍ ይቆማል። ወዲያው ይደገማል፤ የሁለቱ አማካይ ይጻፋል። መድረሻው ላይ እንዳይቀንስ ከምልክቱ ትንሽ አልፎ እንዲሄድ ይነገረዋል። ከጎኑ ሰው ይቁም፤ አይያዘው፣ ግን ቢንገዳገድ የሚደርስበት ይሁን።

ዛሬ 6 ሰኮንድ የፈጀበት ሰው በሚቀጥለው ክረምት 6 ሰኮንድ ተኩል ቢፈጅበት አንደናገጥ፤ የቀን ልዩነት ሊሆን ይችላል። 7.2 ከደረሰ ግን 20 በመቶ ጨምሯል። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ 20 በመቶ የሚደርስ ለውጥ እንደ እውነተኛ ለውጥ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ማየት አለበት። ልብ በሉ፤ በዓይን ሲታይ ይህ ሰው አሁንም «ደህና ይራመዳል»።

አጭር ርቀት ፍጥነትን ያሳያል፤ ድካምን ግን አያሳይም። ለድካም የስድስት ደቂቃ ጉዞ አለ፤ ለደከመ ሰው ሁለት ደቂቃም ይበቃል። የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ 30 ሜትር ይለካና ሰውየው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በጠቅላላ የሄደው ርቀት ይጻፋል። አስፋልቱ ዳር አታድርጉት፤ መኪና አለ። እኔ በተለይ የማየው የመጀመሪያውን ደቂቃና የመጨረሻውን ነው። ሲጀምር ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው በአምስተኛው ደቂቃ ጣቱን መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ገበያ ሲሄድ ደህና ሆኖ ሲመለስ ለምን እንደሚወድቅ ገባኝ ማለት ነው።

ከዚያ የወንበሩ ፈተና አለ። ከወንበር ይነሣል፣ ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጠቅላላ ሰኮንዱ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለአረጋውያን የወጣ ፈተና ነው። መዞርና መቀመጥ ስላለበት ቀጥታ ጉዞ የደበቀውን ያወጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልገዋል፤ ሁልጊዜ በአንዱ መቀመጫ ይሁን። ዛሬ በወንበር፣ ነገ በበርጩማ ከሆነ የለካችሁት መቀመጫውን ነው።

ይህን የመሰለውን ጥንቃቄ የሲሪንቃ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። እዚሁ የግብርና ምርምር ማዕከል አላችሁ። ሁለት የማሽላ ዝርያ ሲወዳደር አንዱ በጥሩ አፈር፣ ሌላው በጭንጫ አይዘራም፤ ማሳው እኩል ይለካል፣ በአንድ ሰሞን ይዘራል፣ ምርቱ በአንድ ሚዛን ይመዘናል፣ ለማረጋገጥም ይደገማል። የሰውን አካሄድ ስንለካም ቦታው፣ ጫማው፣ ዱላው፣ ሰዓቱ አንድ መሆን አለበት።

በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ደግሞ የሚለካበት የቀን ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 እንደጻፈው፣ እነዚህ ሕሙማን ሰውነታቸውን በሥራ ሲያደክሙ ዓይናቸው ይደበዝዛል። በኋላ እንደታወቀው ምክንያቱ የሰውነት መሞቅ ነው፤ እግርም ይዝላል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ትንሽ ሙቀት ሲጨመርበት መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ከደጋ ወደ መርሳ ቆላ የወረደች ሴት፣ ወይም በግንቦት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ውኃ ተሸክማ የመጣች ሴት፣ በጠዋት ስትለካ እንደተራመደችው አትራመድም። በሽታው ግን አልባሰባትም፤ በጥላ ስታርፍና ሰውነቷ ሲበርድ ይመለስላታል። ስለዚህ ጠዋት የተለካ ሁልጊዜ ጠዋት ይለካ። የጾም ወይም የረመዳን ቀን ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ትኩሳት ካለ አትለኩ፤ መጀመሪያ ትኩሳቱ ይታከም። የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ነው፤ በዚህ በሽታ በጣም የተለመደ ነው፤ እግርን በድንገት ሊያደክም ይችላል፤ ሲታከም እግሩም ይመለሳል። ያለ ትኩሳት የመጣ አዲስ ድካም ወይም ድንዛዜ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን አዲስ ጥቃት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ጓያንና መልቲፕል ስክሌሮሲስን ስለ መለየት ጥያቄ እንደሚኖራችሁ አውቃለሁ። ሁለቱም እግርን ያደርቃሉ፤ ሁለቱም ጉልበትን ያጋጥማሉ፣ በጣት ያስረግጣሉ። ነገር ግን የጓያ ሽባነት አብዛኛውን ጊዜ ዓይንን፣ የቆዳ ስሜትንና የሽንት መቆጣጠርን አይነካም። በቀናት ወይም በሳምንታት ይመጣል፤ መብላቱ ከቆመ በኋላም ባለበት ይቆያል። ዓይኗ ለሳምንታት ደብዝዞ የተመለሰላት፣ ከዓመት በኋላ አንድ ጎኗ የደነዘዘ፣ አሁን ደግሞ ሽንቷ የሚያስቸኩላት ወጣት ሴት ጓያ በልታ ቢሆንም እንኳ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋታል። የአከርካሪ ቲቢም አለ፤ ጀርባ ላይ ሕመምና እብጠት ካለ ቶሎ መታየት አለበት፤ በጊዜ ከታወቀ ይድናል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አለ። እነዚህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። የቤተሰብ ሥራ ግን ታሪኩን በትክክል መናገር ነው፤ መቼ፣ ምን፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም።

ስለ ጠበል አንድ ነገር ልበል። ወደ ሲሪንቃ ቅድስት አርሴማ ከሩቅ አገር የታመመ ይመጣል፤ እግሩ የዛለም ይመጣል። እምነቱን አከብራለሁ። የምለምነው መድኃኒት የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይም ብቻውን እንዳይቆም ነው። ከአራት አገሮች በተሰበሰበ ጥናት ከመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት በሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ ወድቀዋል። ስለዚህ «ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ልኬት ጋር መጠየቅ አለበት። ሰው መውደቁን ይደብቃል፤ ያፍራል፤ ቤተሰቡ እንዳይወጣ ይከለክለኛል ብሎም ይፈራል። በትህትና፣ ለብቻው፣ ከአንዴ በላይ ጠይቁ። ድካምንና የሽንት ችግርንም እንዲሁ። እነዚህን ሰዓትም ገመድም አያገኛቸውም፤ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ልኬቱ «በሽታው አልባሰም» ቢል፣ ሰውየው ደግሞ «ብሶብኛል» ቢል፣ እኔ የማምነው ሰውየውን ነው፤ ያልለካሁት ነገር አለ ብዬ እፈልጋለሁ።

ቁጥሩ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪም መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ የሚያውቀው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ በሽታ የሚሆኑ ሦስት መድኃኒቶችን፣ ክላድሪቢን፣ ግላቲራመርና ሪቱክሲማብን፣ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። መድኃኒቱ ወደ አገራችን ይድረስ ብለን ስንጠይቅ ስንት ሰው፣ በምን ደረጃ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደክም ማሳየት ያስፈልገናል። ሁለተኛ፣ እኔም ሥራዬን የምፈትሸው በዚሁ ነው። የደረቀን እግር ማላላት ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል። አንዳንድ ሰው ግን ቆሞ የሚሄደው በዚያው ድርቀት ነው፤ ድርቀቱ በመድኃኒት ሲላላለት ጉልበቱ ይታጠፍና ይወድቃል። ከማላላቴ በፊትና በኋላ ካልለካሁ ልጎዳው እችላለሁ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ምን ያህል መሣሪያ እንደጠፋ አይታችኋል። ሕክምና መሣሪያ ይፈልጋል፤ መጠየቃችንን አንተውም። ነገር ግን መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ የአንዲት ሴት አካሄድ ሳይጻፍ ዓመት ማለፍ የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሏም ቢሆን ሊለካላት ይችላል። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የያዘችውን ድጋፍ፣ የ7 ሜትር ከ62ቱን ሰኮንድ፣ የወንበሩን ሰኮንድ፣ የወደቀችበትን ብዛት፣ ማድረግ ያቆመችውን ሥራ ጻፉ። በሦስት ወር አንዴ ይበቃል። መራመድ ያቃታት ከሆነ እጇን ለኩ፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ እንጀራ መቁረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባት ይጻፍ፤ እግር ካቆመ በኋላ ኑሮዋን የሚሸከመው እጇ ነውና። ወልድያ ወይም ደሴ ወይም አዲስ አበባ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በአንድ ቀን ምርመራ የማያገኘው የአንድ ዓመት ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ።

ገመዱን አምጥቻለሁ። አሁን ወደ ግቢው እንውጣና ጥላው ስር እንዘርጋው። ጤነኞችም ታማሚዎችም፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ኑ፤ ሰዓቱን የሚይዙልኝ ሁለት ወጣቶች እፈልጋለሁ።